በቀን 90 ሚሊዮን ጊዜ የምትጠራው አበባ

ፌብሩዋሪ 2021 መጀመሪያ ላይ ነው። (ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።) ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ውስጥ የሚሠሩ መሐንዲሶች የሰርቨሮቻቸውን ትራፊክ ሲያገላብጡ አንድ ፋይል ዓይናቸው ውስጥ ገባ። የአበባ ፎቶ ነው። ሐምራዊ ሆና መሃሏ ቢጫ የሆነች፣ በላቲን ስሟ አስተር ኖቪ ቤልጂ የምትባል አበባ። ፎቶዋ የተቀመጠችው ኮመንስ በሚባለው የድርጅቱ የምስልና የቪዲዮ ማከማቻ ውስጥ፣ በአስር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ሌሎች ፋይሎች ጋር ነው። ምንም የተለየ ነገር የላትም። ግን በቀን ወደ 90 ሚሊዮን ጊዜ ትጠራለች።

ቁጥሩን በደንብ እንየው። ጥሪ የምለው ሪኩዌስቱን ነው፣ ማለትም አንድ መሣሪያ ሰርቨሩን «ይህን ፋይል ስጠኝ» ሲለው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። 90 ሚሊዮንን ለዚያ ብታካፍሉት በአማካይ በየሰከንዱ ከ1,000 በላይ ጥሪ ይመጣል። ሲንጋፖር ያለው የድርጅቱ ዳታ ሴንተር ከሚያስተናግደው የሚዲያ ጥሪ ውስጥ 20 በመቶ ገደማው የዚች አንዲት ፎቶ ነበር። ከአምስት አንዱ ማለት ነው። የታዋቂ ሰዎቹ ፎቶ፣ ካርታው፣ ባንዲራው፣ የከተማው ምስል ሁሉ ተደምሮ የቀረውን ይካፈላል።

ይህንን ሁሉ የምናውቀው ዊኪሚዲያ የቴክኒክ ችግሮቹን የሚከታተልበት ፋብሪኬተር የሚባል ሥርዓት ማንም ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ስለሆነ ነው። ትኬት (የችግሩ መከታተያ መዝገብ) ተከፈተ፣ ሐሳብ ተወረወረ፣ ነገሩ ወደ ትዊተር ወጣና ከውጭ ያለውም ሰው መላ መምታት ጀመረ። እኔ ጉዳዩን የወደድኩት በእንቆቅልሹ ብቻ አይደለም። ድረ ገጽ ያለው ሰው ሁሉ በትንሹ ይህ ነገር ይገጥመዋል። ዳሽቦርዱን፣ ማለትም የጎብኚው ቁጥር በግራፍ የሚታይበትን ገጽ ትከፍታላችሁ፣ መስመሩ ጣሪያ ነክቷል። መጀመሪያ ደስታ፣ ቀጥሎ ስክሪንሾት፣ ከዚያ ለአለቃ መላክ። «ቆይ፣ ምን መጥቶ ነው?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ከተገኘም ቁጥሩ ሲወርድ ነው። የዊኪሚዲያ ሰዎች ግን የቁጥሩን ትልቅነት ትተው ቅርጹን ማየት ጀመሩ።

ትኬቱ መነሻው ላይ የያዘው ነገር አጭር ነው። ጥሪዎቹ የሚመጡት ከህንድ ነው። ከአንድ ድርጅት ሳይሆን ከተለያዩ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ነው። የአይፒ አድራሻዎቹ፣ ማለትም መሣሪያዎቹ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቁባቸው ቁጥሮች፣ እርስ በርስ አይገናኙም። ቁጥሩ ደግሞ በቀን ዑደት ይወጣል ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ ብቻ ተነስተው ግምታቸውን ጻፉ፦ ህንድ ውስጥ በብዛት የሚሠራበት የስልክ አፕ አለ፣ ይህችን ፎቶ ከእኛ ሰርቨር በቀጥታ ይጠራል፣ ምናልባት ሲከፈት በሚያሳየው የመግቢያ ስክሪን ላይ ትሆናለች።

እዚህ ግምት ላይ የሚያደርሰውን መንገድ ቀስ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ሙያው ያለው እዚህ ጋ ነው።

የቀን ዑደቱን ውሰዱ። ማሽን አይተኛም። ፋይል እየሰበሰበ የሚዞር ቦት ብዙውን ጊዜ ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቀን ስድስት ሰዓትም ለሱ አንድ ነው። በሰዓት ተሞልቶ የሚነሳ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ በየሰዓቱ መነሻ ላይ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይወጣና ይጠፋል። ሰው ግን ይተኛል። የሰው ትራፊክ ጠዋት ይነሳል፣ ማታ ከሥራ መልስ ያብጣል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሞታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሰርቨር ሎግ (ሰርቨሩ የመጣለትን ጥሪ ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል) ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፣ ህንድ ደግሞ ከዩቲሲ በአምስት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ስለዚህ ህንድ ውስጥ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሎጉ ላይ 18፡30 ተብሎ ነው የሚታየው። ይህንን የረሳ ሰው «ጎብኚዎቼ ማታ ላይ ይጠፋሉ» ብሎ ይደመድማል። ያስታወሰ ሰው ግን አይፒውን እንኳን ሳይነካ፣ ዝቅታው ከየትኛው የዓለም ክፍል መኝታ ጋር እንደሚገጥም በማየት ብቻ የአገሩን ስም ሊገምት ይችላል።

ቀጥሎ አይፒው አለ። የተለያየ አይፒ መብዛቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፣ ምክንያቱም የተቀናጀ ጥቃትም በሺዎች ከሚቆጠሩ አድራሻዎች ሊመጣ ይችላል። ወሳኙ ነገር አይፒው የማን ነው የሚለው ነው። ሰርቨር ከሚያከራዩ የክላውድ ወይም የሆስቲንግ ኩባንያዎች የሚመጣ ጥሪ በአብዛኛው ፕሮግራም ነው። ማንም ሰው ዳታ ሴንተር ውስጥ ተቀምጦ የአበባ ፎቶ አያይም። ከስልክና ከቤት ኢንተርኔት አቅራቢዎች የሚመጣው ግን በአብዛኛው ከጀርባው ሰው አለው፣ ቢያንስ የሰው ስልክ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላንሳ፤ የአይፒ ብዛትን እንደ ሰው ብዛት መቁጠር። የሞባይል ኩባንያዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የሕዝብ አድራሻ ጀርባ ያሰልፋሉ፣ ስለዚህ አንድ አይፒ ብዙ ሰው ሊሆን ይችላል። ያው ስልክ ደግሞ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ሲቀየር አድራሻውም ይቀየራል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ብዙ አይፒ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ስህተት ይጣፋሉ ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ፣ አይጣፉም።

ሦስተኛውን ፍንጭ እኔ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ የጎደለው ነገር ነው። አንድ ሰው ስለ አበባዋ ለማንበብ ዊኪፒዲያ ቢገባ ሎጉ ላይ የሚቀረው አሻራ ብዙ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉ ያለበት ገጽ ይጠራል፣ ተከትሎ የገጹ አቀማመጥ የተጻፈባቸው ፋይሎች፣ ሌሎች ትንንሽ ምስሎች፣ ከዚያ መሃል ፎቶዋ። ፎቶዋ ስትጠራም ሪፈረር በሚባለው ቦታ ላይ «ከዚህ ገጽ ነው የመጣሁት» የሚል አድራሻ ይኖራል። እዚህ ግን አንዲት ፋይል ብቻዋን ነው የምትጠራው፣ ከፊቷም ከኋላዋም ገጽ የለም።

ሎግ አይታችሁ ለማታውቁ አንድ መስመር እንዴት እንደሚነበብ ላሳያችሁ። ብዙ ዌብ ሰርቨሮች በሚጠቀሙበት የተለመደ አጻጻፍ አንድ ጥሪ አንድ መስመር ነው። ከግራ ስትጀምሩ የአይፒ አድራሻው አለ። ከዚያ ቀንና ሰዓቱ ከነዩቲሲ ልዩነቱ። ከዚያ የተጠየቀው ፋይል። ከዚያ ሰርቨሩ የመለሰው ኮድ፤ 200 ከሆነ «ይኸው»፣ 304 ከሆነ «ያለህ ኮፒ አልተቀየረም፣ እሱን ተጠቀም»፣ 404 ከሆነ «የለም»። ከዚያ የተላከው ባይት መጠን። ከዚያ ሪፈረሩ። መጨረሻ ላይ ዩዘር ኤጀንት፣ ማለትም ጠሪው «እኔ ማን ነኝ» ብሎ ስለራሱ የሚናገረው። ሪፈረርና ዩዘር ኤጀንት ጠሪው ራሱ የሚጽፋቸው ናቸው፣ ስለዚህ ሊዋሹ ወይም ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ዊኪሚዲያ ሰርቨሩን የሚጠራ ማንኛውም ፕሮግራም ዩዘር ኤጀንቱ ላይ ማንነቱንና የሚገኝበትን አድራሻ እንዲጽፍ በፖሊሲው ይጠይቃል። የዚህ አፕ ሠሪዎች ያንን አድርገው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ኢሜይል ያልቅ ነበር፣ እኔም የምጽፈው አይኖረኝም።

የኮዱና የባይቱ ነገር ደግሞ ተራ ዝርዝር አይደለም። የፎቶዋ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ መጠኗ አንድ ሜጋባይት መሆኑ ተጽፏል። 90 ሚሊዮኑ ጥሪ ሁሉ 200 እየተባለ ሙሉ ፎቶ ቢላክለት በቀን 90 ቴራባይት ይሆናል። ስልኮቹ ኮፒውን ይዘው «ተቀይሯል ወይ?» ብቻ ቢጠይቁ ግን 304 ነው የሚመለስላቸው፣ ያ ደግሞ ከፎቶው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የጥሪው ብዛት ያው ሆኖ ሸክሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ስለዚህ «ትራፊክ ጨመረ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የትኛው እንደጨመረ ጠይቁት፣ ጥሪው ነው ወይስ ባይቱ?

ይህ ሁሉ መስመር በየቀኑ ሲቆለል አንድ ሰው ተቀምጦ አያነበውም። ዊኪሚዲያ ለፈጣን ፍተሻ ከ128 ጥሪ አንዱን ብቻ የሚያስቀር ናሙና አለው፤ ያንን ቱርኒሎ በሚባል መሣሪያ በአገር፣ በኔትወርክ፣ በፋይል፣ በሰዓት እየከፋፈሉ ማየት ይቻላል። 90 ሚሊዮን ጥሪ ናሙናው ውስጥ 700,000 ገደማ መስመር ሆኖ ይታያል። ለዚህ ዓይነት ጉዳይ ከበቂ በላይ ነው። ናሙና የሚያመልጠው ትንሹ ነገር ነው፣ ትልቁ አይደለም። እናንተም የምትጠቀሙበት መሣሪያ «ይህ ሪፖርት በናሙና ላይ የተመሠረተ ነው» ካላችሁ አትደንግጡ፣ ዝም ብላችሁ አምስት ሰው ስለጎበኘው ገጽ አትከራከሩበት እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ፋይል የእናንተ ድረ ገጽ ላይ ቢሆን ኖሮና ያላችሁ መሣሪያ ጉግል አናሊቲክስ ብቻ ቢሆን፣ 90 ሚሊዮኑ ጥሪ ሪፖርታችሁ ላይ ዜሮ ነበር። ዜሮ። ምንም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጉግል አናሊቲክስ፣ እንዲሁም ማቶሞ በተለመደው አጫጫኑ፣ የሚሠሩት ገጹ ውስጥ በምትለጥፉት ትንሽ የጃቫስክሪፕት ኮድ ነው፣ ታግ ይሉታል። ጎብኚው ገጹን ሲከፍት ብራውዘሩ ኮዱን ያስኬዳል፣ ኮዱ ደግሞ «አንድ ሰው መጣ» ብሎ ሪፖርት ይልካል። ፎቶ ብቻዋን ስትጠራ ገጽ የለም፣ ገጽ ከሌለ ኮድ የለም፣ ኮድ ከሌለ ሪፖርት የለም። ሎግ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፣ የገባውን ሁሉ ይጽፋል፣ ሌባም ይሁን እንግዳ፤ ታጉ ግን ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ አስተናጋጅ ነው፣ ሳሎን ያልደረሰውን አያውቀውም። ዊኪሚዲያ የጉግልን ታግ አይጠቀምም፣ የራሱን የሰርቨር ሎግ ነው የሚቆጥረው። በዋነኝነት የአንባቢውን ምስጢር ለመጠበቅ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን አበባዋን እንዲያዩ ያደረጋቸውም ይኸው ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ከ2014 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ብዙ ድረ ገጾችን ያስቸገረ የሪፈረር ስፓም ነበር። የስፓም ላኪዎቹ ድረ ገጹን ጨርሶ ሳይጎበኙ የጉግል አናሊቲክስን የመለያ ቁጥር በግምት እየሞሉ በቀጥታ ወደ ጉግል የውሸት ጉብኝት ይልኩ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ጎብኚ አለ፣ ሰርቨሩ ግን ማንንም አላየም። ስለዚህ አንዱን መሣሪያ ይዞ «ይኸኛው ነው እውነቱ» ማለት አይሆንም። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ነው ወሬው ያለው። ማስታወቂያ ማገጃ የጫነ ሰው ሎጉ ላይ አለ፣ ታጉ ላይ የለም። ቦት ሎጉ ላይ በሽ ነው፣ ታጉ ላይ ግን ጥቂቱ ብቻ ይደርሳል። ታጉ ላይ ኖሮ ሎጉ ላይ የሌለ ነገር ካያችሁ ደግሞ ጠርጥሩ።

ወደ አበባዋ እንመለስ። መነሻ ግምት ተገኘ፣ አሁን «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ዊኪሚዲያ የአንባቢዎችን ምስጢር ለመጠበቅ አይፒ ያለበትን ጥሬ ሎግ ከ90 ቀን በላይ አያቆይም። በፌብሩዋሪ 2021 ላይ ሆናችሁ ወደኋላ ብትቆፍሩ የምትደርሱት ኖቬምበር ድረስ ነው። የሚተርፈው የተደመረው ቁጥር ነው፤ ይህ ፋይል በዚህ ቀን ይህን ያህል ጊዜ ተጠራ የሚለው፣ ማን ጠራው የሚለው ተፍቆ። ግን እሱም በቂ ሆነ። ወደኋላ ሲታይ እስከ ጁን 2020 መጀመሪያ ድረስ አበባዋን የሚያስታውሳት አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ በዚያው ወር ውስጥ መስመሩ ተነሳ፣ ወሩ ሳያልቅ በቀን በሚሊዮኖች ገባ።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። ጥሬ ዳታ ለዘላለም ማስቀመጥ አያስፈልግም፣ የሰው አድራሻ ማከማቸትም ጣጣ አለው። የቀን ድምሩን ግን አትጣሉ። በፋይል፣ በአገር፣ በምላሽ ኮድ የተደመረ ትንሽ ሠንጠረዥ ቦታ አይፈጅም፣ የማንንም ምስጢር አያወጣም፣ ከስምንት ወር በኋላ ግን «መቼ ተጀመረ» ለሚለው መልስ ይሰጣችኋል።

ጁን 2020 ላይ ህንድ ውስጥ ምን ነበር? ጁን 29 ቀን የህንድ መንግሥት ቲክቶክን ጨምሮ 59 የቻይና አፖችን አገደ። ቲክቶክ እዚያ እጅግ ብዙ ተጠቃሚ ነበረው፣ በአንድ ቀን ሁሉም ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመረ፣ የአገር ውስጥ ተተኪ አፖች ጎረፉ። መላ ምቱ ወዲያውኑ እዚህ ላይ አረፈ፦ ከቲክቶክ እገዳ በኋላ ገበያ ያገኘ አፕ ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ሲመጣ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ግራፍ ላይ ያለ እብጠትን ከዜና ጋር ማጋባት በጣም ይጥማል፣ ስለሚጥምም ያሳስታል። በማንኛውም ወር ውስጥ የሆነ ትልቅ ዜና አለ። እዚህ ደግሞ መስመሩ መነሳት የጀመረው ከእገዳው ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ እገዳው ብቻውን መነሻ ሊሆን አይችልም። ግን በዚያው ወር አጋማሽ የህንድና የቻይና ወታደሮች ጋልዋን ሸለቆ ላይ ተጋጭተው ሰው ሞቶ ነበር፣ የቻይና አፖችን ከስልክ አጥፉ የሚለው ዘመቻም ከእገዳው በፊት ተጧጡፎ ነበር። በዚህ ካየነው መላ ምቱ አይወድቅም፤ አፑ እያደገ ሳለ እገዳው ገፋው ማለት ይሆናል። ቢሆንም ይህ ገና ታሪክ ነው፣ ማስረጃ አይደለም።

ሌላ የሚያጓጓ ግምትም አለ፤ ሰው በየጠዋቱ «እንደምን አደራችሁ» እያለ በአበባ ምስል ይላላካል፣ ይህችም ከነዚያ አንዷ ናት የሚል። ደስ ይላል። ግን ዳታው አይቀበለውም። በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ የሚወርደው ከዋትስአፕ ሰርቨር ነው፣ ሺህ ጊዜ ቢተላለፍም ኮመንስን ዳግመኛ አይጠራም። ጥሪው ዊኪሚዲያ ሰርቨር ላይ ከደረሰ የፎቶዋ አድራሻ የሆነ ኮድ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው። አንድ ግምት ሲቀርብላችሁ «ይህ እውነት ቢሆን ሎጉ ምን ይመስል ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግማሹ ግምት እዚያው ይሞታል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ዳሽቦርድ አይሠራውም። ሎጉ የሚያውቀውን ሁሉ ተናግሯል፤ የስልክ አፕ ነው፣ ህንድ ነው፣ ከጁን 2020 ወዲህ ነው። የአፑ ስም ግን ሎጉ ላይ የለም። ስለዚህ መፍትሔው ከሌላኛው ጫፍ መጀመር ሆነ። ህንድ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸውን ተጠርጣሪ አፖች መጫን፣ መክፈት፣ ሲከፈቱ ወደየት እንደሚደውሉ መመልከት። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ብልሃትም የለበትም። አንዱ አፕ ሲከፈት አበባዋን ጠራ። ተያዘ።

የሚገርመው ግን አፑ አበባዋን ይጠራታል እንጂ አያሳያትም። ስክሪኑ ላይ የለችም። ሰዎቹ መጀመሪያ ላይ በመግቢያ ስክሪን ላይ ትሆናለች ብለው የገመቱት እዚህ ላይ አልሠራም፣ የቀረው ሁሉ ግን ልክ ነበር። የአፑን ስም ማንሳት ለኛ ምንም አይጨምርም፣ እተወዋለሁ። ለምን ይጠራት ነበር ለሚለው ኮድ ጽፎ የሚያውቅ ሰው መልስ አያጣም። ፎቶ ማውረዱ ይሠራል ወይ ብሎ ለመሞከር፣ ወይም ኢንተርኔት መኖሩን ለማጣራት፣ መጠኑ የታወቀ ነጻ ፎቶ ያስፈልጋል፤ አንድ ሜጋባይት የምትል ስም ያላት ፋይል ለዚህ የተመቸች ናት። ተጻፈ፣ ተሞከረ፣ ሠራ፣ ተረሳ። ከዚያ አፑ ሚሊዮኖች ስልክ ላይ ወጣ።

እንግዲህ 90 ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር አሁን መልሳችሁ እዩት። አንድ ሰው አፑን በቀን አስር ጊዜ ቢከፍት አስር ጥሪ ነው። ስለዚህ 90 ሚሊዮን ሰው አይደለም። የታየ ፎቶም አይደለም፣ ምክንያቱም ማንም አላያትም። በቀን 90 ሚሊዮን «እይታ» ያላት፣ አንድም ተመልካች የሌላት ፎቶ። ሂት በሚባለው ቁጥር (ዝም ብሎ የጥሪ ብዛት) ላይ ያለኝ ጥላቻ የሚመጣው ከዚህ ዓይነት ነገር ነው። ዊኪሚዲያ ራሱ የገጽ እይታን ሲቆጥር ሰውን፣ ራሱን ያስተዋወቀ ቦትንና እንደ ሰው የሚመስል አውቶማቲክ ትራፊክን ለያይቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሦስተኛውን ክፍል የጨመረው በ2020 ነው። አበባዋ ግን ለዚህ አከፋፈልም ታስቸግራለች። ከጀርባው ሰው አለ፣ ስልኩን የከፈተው ሰው ነው፣ ግን ፎቶዋን የጠየቀው ሰው አይደለም። ሰው ነው ቦት? እኔ ሁለቱም አይደለም እላለሁ፣ የመቁጠሪያ ሠንጠረዡ ላይ ቦታ ያልተሰጠው ነገር ነው።

አሁን የቀረው ምን ይደረግ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ስሜት «ዝጉት» ነው። ብዙ ሰው የሌላ ሰው ድረ ገጽ ፎቶውን በቀጥታ ሲጠራበት የሚያደርገው ሪፈረርን አይቶ መከልከል ነው። ለአፕ ግን ይህ አይሠራም። አፕ ብዙ ጊዜ ሪፈረር አይልክም፣ የተለመዱት የክልከላ ሕጎች ደግሞ ባዶ ሪፈረርን ያሳልፋሉ፣ ካላሳለፉ አድራሻውን በቀጥታ ጽፎ የሚገባውን ጤነኛ ጎብኚም ይከለክላሉ። ዊኪሚዲያ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ኮመንስ ፋይሎቹን ከውጭ በቀጥታ መጥራት አይመክርም እንጂ አይከለክልም።

መዝጋት ራሱም ሁልጊዜ ሸክም አይቀንስም። በ2003 አሜሪካ ውስጥ ያለው የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የሰዓት ሰርቨሩ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጎርፍ ወረደበት። ምክንያቱ ሲፈለግ የኔትጊር ኩባንያ ራውተሮች ሆነው ተገኙ፤ የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር አድራሻ ውስጣቸው በቋሚነት ተጽፎ ነበር፣ ችግሩ ያለባቸው መሣሪያዎች ከ700,000 በላይ ነበሩ። ራውተሮቹ መልስ ካላገኙ በየሰከንዱ ደግመው ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ጥሪውን ሲዘጋው ጎርፉ ባሰበት። ያቺ አፕም «ፎቶ ካልመጣ ደግመህ ሞክር» የሚል ኮድ ቢኖራት፣ 90 ሚሊዮኑ ወደ ስንት እንደሚወጣ ሳይሞክሩ ማወቅ አይቻልም። ሠሪውን ሳያገኙ መዝጋት የሚያስፈራው ለዚህ ነው፤ ሳይዘጉ ሠሪውን ለማግኘት መልፋቱም ትርጉም ያለው ለዚህ ነው።

የእናንተ ድረ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ እኔ የማደርገው ይህን ነው። ሆስቲንግ አቅራቢያችሁ የሚሰጣችሁን ጥሬ ሎግ አውርዳችሁ ጎአክሰስ በመሰለ ነጻ መሣሪያ ክፈቱት። በጣም የተጠራውን ፋይል አግኙ፣ ከዚያ የዚያን ፋይል ጥሪ ብቻ ለይታችሁ በሰዓት ዘርጉት። ቀጥ ያለ ነው ወይስ ይተኛል? ከዚያ ኔትወርኩን እዩ፣ ከዚያ ዩዘር ኤጀንቱን፣ ከዚያ 200 እና 304 ስንት ስንት እንደሆኑ። ከታጉ ሪፖርት ጋር አነጻጽሩት። መዝጋት ካማራችሁ በትንሽ ሞክሩት፤ ለአንድ ሰዓት፣ ለጥሪው አንድ መቶኛ ብቻ ሌላ መልስ ስጡና መስመሩ ይወርድ ወይ ይወጣ እንደሆነ ተመልከቱ። ከወጣ ወዲያው መልሱት፣ ለጊዜው ፎቶዋን በጥቂት ባይት በተሠራች ባዶ ምስል ተኩና ለረጅም ጊዜ ካሽ እንድትደረግ፣ ማለትም ኮፒዋ ስልኩ ላይ እንዲቀመጥ እዘዙ። ማንም ካላያት የምትተኳትም ልዩነት ማንም አያየውም። ሠሪው ሲገኝ ደግሞ የሚጠየቀው ከኮዱ ውስጥ አንድ መስመር እንዲያጠፋ ነው። አሮጌውን የአፕ ቅጂ አፕዴት ያላደረጉ ስልኮች ግን ከዚያም በኋላ ለወራት ይደውላሉ፣ ስለዚህ ባዶዋን ምስል ቶሎ አታንሱ።